የአቡነ ማስያስ መጽሐፍና የከፋ ነገር

ከደካ የተጻፈ

ስለ ሀገራችን ከጻፉት የውጭ ሀገር ሰዎች መካከል በመጽሐፍ ብዛትና በነገር ዝርዝር ከአቡነ ማስያስ ጋር የሚተካከሉ ጥቂቶች ናቸው። በትውልድ ጣልያናዊ፣ በማኅበር ካፑቺን፣ በመጨረሻም የሮም ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል የሆኑት እኒህ ሰው የደረሱት «በላይኛይቱ ኢትዮጵያ የተልእኮ ሠላሳ አምስት ዓመቶቼ» የተባለው መጽሐፍ ከ1885 እስከ 1895 ድረስ በ12 ክፍል ታትሟል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካላመለከትሁ በቀር ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

በከፋ የሚኖር የተማረ ሰው ይህን መጽሐፍ በስሙ ያውቀዋል። አንዱ ከፋን ለዓለም ያስታወቀ ነው እያለ ያመሰግነዋል፤ ሌላው ለጣልያን ጦር መንገድ የጠረገ ነው እያለ ይነቅፈዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ሲወራ የሰሙትን ነው እንጂ ገልጠው ያነበቡትን አይደለም። እኔም ጣልያንኛውን በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ፣ ስለ ከፋ የሚናገረውን ክፍል በዝግታ ካነበብሁ በኋላ፣ ምስጋናውም ነቀፋውም በየቦታው እንዲቀመጥ ያየሁትን ልጽፍ ወደድሁ። አቡነ ማስያስ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ባሪያና ስለ ልማድ መለወጥ የሚናገሩት የግላቸውን ዐሳብ ብቻ አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ትይዘው የነበረውን ዐሳብ ነው። ያ ዐሳብ በከፋ ምድር ላይ በተፈተነ ጊዜ የቱ ጸና? የቱስ ተሰናከለ? የምመረምረው ይህን ነው።

ታሪካቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1809 በፒየሞንቴ አውራጃ ተወለዱ፤ በ1846 ጵጵስና ተሹመው ወደ ኦሮሞ ሀገር ተላኩ። ከምጽዋ በኩል ያለው መንገድ ስላልተቃናላቸው በሱዳን ዞረው፣ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውን ለውጠው በ1852 ጉድሩ ገቡ። ከዚያም ወደ ደቡብ እየዘለቁ በ1859 ከፋ ደረሱ፤ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጠው በ1861 ተባረሩ። በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ዐሥር ዓመት የሚያልፍ ጊዜ ኖሩ፤ በ1879 ዐፄ ዮሐንስ እንዲወጡ ስላዘዙ ከሀገር ወጡ። በ1884 ካርዲናል ተባሉ፤ በ1889 ዐረፉ። በደረሱበት ሁሉ ፈንጣጣ ይከትቡ ስለ ነበር ሰው «የፈንጣጣ አባት» ይላቸው ነበር። ከስብከታቸው አስቀድሞ ክትባታቸው የብዙ ቤት ደጅ እንደ ከፈተላቸው ራሳቸው አልሸሸጉም፤ ይህ ቅንነታቸው ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ፤ ስለ አጻጻፉ ሳይናገሩ ስለ ዐሳቡ መናገር አይቻልምና። አቡነ ማስያስ ይህን ሁሉ የጻፉት በየዕለቱ ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት አይደለም። ከሀገር ከወጡ በኋላ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሊዮን 13ኛ አዝዘዋቸው፣ በሽምግልና ዘመናቸው ከትዝታ ጽፈውታል። ስለዚህ ከንጉሥ ጋር ወይም ከመኳንንት ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል እንደ ተነገረ አድርገው ሲያቀርቡት፣ አንባቢ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተቀመጠ ቃል መሆኑን ሊያስታውስ ይገባዋል። በዚህ ላይ ሌላ እጅ ገብቶበታል። ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የማኅበራቸው መነኵሴ የሆነ ሌላ ሰው ለንባብ እንዲያምር አስተካክሎታል። እርሳቸው በጻፉት ሁኔታ የተገኘው ዋናው ጽሑፍ በ6 ክፍል የታተመው በ1984 ነው፤ ይህ ማለት አንድ መቶ ዓመት ያህል ዓለም ያነበበው የታረመውን ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ቤቱን ያቀናለታል፤ ቤት ሲቀና ግን አንዳንድ ጊዜ ሰሙ እየለዘበ ይሄድና ወርቁ ይሰወራል። በታረመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ማስያስ ሁልጊዜ ትክክለኛ፣ ሁልጊዜ ታጋሽ፣ ሁልጊዜ ድል ነሺ ናቸው። በ1984 የወጣው ግን የሚያመነታ፣ የሚቈጣ፣ በራሱም በወንድሞቹም የሚያዝን ሰው ያሳየናል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ሰው አብልጬ ወድጄዋለሁ። የታረመው መጽሐፍ የወጣበትም ዘመን የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል የታተመበት 1885 ጣልያን ምጽዋን የያዘበት ዓመት ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የታተመበት 1895 ደግሞ በአምባ አላጌ ጦርነት የተደረገበት ዓመት ነው። በሮምና በሚላኖ ይህን መጽሐፍ የሚገዛው ምእመን በአንድ እጁ የአቡኑን ታሪክ፣ በሌላው እጁ የጦሩን ወሬ ይዞ ነበር።

ከፋ ሲገቡ ያገኙት መንግሥት በቀላሉ የሚገባበት አልነበረም። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ ከእርሱ ጋር ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩ። (ይህ ስም እኛ ምክር ከምንለው ቃል ጋር መቀራረቡን ቃል መርማሪ ሁሉ ያስተውለዋል።) ሀገሩ በጥልቅ ጕድጓድና በበር የተጠበቀ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴም ቦንጋ ላይ ይነግዳል እንጂ እንደ ልቡ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በዚህ ሀገር ውስጥ አቡነ ማስያስ የጥንት ክርስትና ቅሬታ አገኙ። ካህን የሌለው፣ መጽሐፍ የሌለው፣ ነገር ግን በዓል የሚያከብርና የሚጾም ሕዝብ ነበር። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ክርስትና ወደ ከፋ እንደ ገባ በትውፊት ይነገራል፤ ዛሬም የከፋ ሕዝብ ዘመን ሲለወጥ የሚያከብረው ማሽቃሮ መስቀልን ሳያስታውስ የሚያልፍ ስም አይደለም።

ይህን ሲያዩ አቡነ ማስያስ ተደነቁ፤ ያገኙትን ግን ያነበቡት እንደ ፈራረሰ ቤት ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራው ወድቋል፣ እንግዲህ እኛ እናድሰው የሚል ነው ዐሳባቸው። ካህን ሳይኖር ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ጾምን የጠበቀ ሕዝብ በምን ኀይል ጠበቀው? ብለው አልጠየቁም። እናት ለልጅዋ እንዴት አስተማረች? በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው ዜማ? እኔ መጽሐፉን ስገልጥ ከሁሉ ይልቅ ላነብ የጓጓሁት ይህን ነበር፤ የተገኘው ግን እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቂት ነገር ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው የቪየናው ሰው ፍሪድሪክ ቢበር በ1920ና በ1923 ባሳተማቸው ሁለት ክፍሎች ስለ ከፋ ልማድ ብዙ ሰብስቧል፤ ነገር ግን እርሱ የመጣው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። አቡኑ ግን ዙፋኑ ሳለ፣ ምክሩ ሳለ፣ በሩ ሳለ አይተዋል። ስለዚህ ያልጠየቁት ጥያቄ የሚያስቈጨን በብዙ ነው።

ከሁሉ የከበደው የጋብቻ ነገር ነው። አቡነ ማስያስ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት፣ እስከ ሞትም ድረስ በሚለው ትምህርት ላይ ምንም አላላሉም። የከፋ መኰንን ብዙ ሚስቶች አሉት፤ ሊጠመቅ ከፈለገ አንዲቱን አስቀርቶ ሌሎቹን እንዲሰናበት ይጠየቃል። ትምህርቱ የእኛም ትምህርት ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን እያንዳንዷ ሚስት የአንድ ጐሣ ልጅ ናት። እርስዋ ስትሰናበት አባትዋ ይዋረዳል፤ ልጆችዋ የርስት ነገር ያነሣሉ፤ ወንድሞችዋ ጦር የሚያዝዙ ሰዎች ናቸው። አማች በመሆን የታሰረው መንግሥት በአንድ ቀን ይፈታል። አማካሪዎቹ አቡኑን በ1861 ለማስወጣት ሲቈርጡ፣ መጽሐፉ ነገሩን በሃይማኖት ትግል ዐይን ያየዋል፤ በአንድ ወገን እውነት፣ በሌላው ወገን ክፋትና ቅንዓት ይቆማሉ። እኔ ግን በዚያ ምክር ቤት የተቀመጡት ሰባት ሰዎች ምን እንደ ፈሩ ለመገመት አልቸገርም። የፈሩት ሥልጣናቸው ያለበትን የዝምድና ገመድ የሚበጥስ ትምህርት ነው፤ ደግሞም ከእንግዳው ሰው በስተኋላ ማን እንደሚመጣ አለማወቃቸው ነው።

በዚሁ ምዕራፍ አቡነ ማስያስ በሰሜኑ ክርስቲያን ላይም ይነሣሉ። በሰማንያ ተጋብቶ፣ ፈትቶ፣ ሌላ አግብቶ፣ ዕድሜው ሲገፋ ብቻ የሚቈርብ ሕዝብ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? ይላሉ። ቃላቸው ሻካራ ነው፤ ካህናታችንንም በጅምላ ይወቅሳሉ፤ ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት ደጅ የተቀመጡም አይመስልም፤ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ሊቁን ከደብተራው፣ ደብተራውን ከጠንቋዩ ለይተው ባወቁ ነበር። ነገር ግን ስለ ሰማንያው የተናገሩት እውነት ነው። ይህን የተናገረው የሌላ ቤት ሰው ስለ ሆነ ብቻ ሐሰት አናደርገውም። በተክሊልና በቍርባን የሚጋባው ጥቂት፣ በውል የሚጋባው ብዙ ሆኖ ስንት ዘመን እንደ ኖረ የማያውቅ ካህን በዚህ ጋዜጣ አንባብያን መካከል አይገኝም። የእኛ አባቶች በትዕግሥት ያለፉትን እርሳቸው በሥልጣን ሊያቀኑ ፈለጉ። ትዕግሥቱ ብዙ ቤት እንዳይፈርስ አድርጓል፤ ብዙ ሰውንም ከቅዱስ ቍርባን አርቆ አኑሯል። ሁለቱን መዝኖ ፍርድ መስጠት ለአንድ ጽሑፍ ይበዛል።

መጽሐፉ ከፍ ብሎ የሚታየው ስለ ባርነት በሚናገርበት ስፍራ ነው። እዚህ ላይ አራሚውም ብዙ ሊያለዝበው አልቻለም። በዚያ ዘመን በከፋና በአጐራባቹ ሁሉ ሰው በጦር ከመማረኩ ሌላ በፍርድም ባሪያ ይሆን ነበር፤ አባት ሲበድል ሚስቱና ልጆቹ ጭምር ይሸጡ ነበር። አቡነ ማስያስ የገበያውን፣ የመንገዱን፣ በመንገድ የሚወድቀውን ሕፃን ነገር ሲጽፉ ከስብከት ይወጡና እንደ ምስክር ይቆማሉ። በገንዘብ ከገዙአቸው በኋላ አርነት አውጥተው ያስተማሩአቸው ልጆች ነበሩ፤ በ1866 በፈረንሳይ ሀገር በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ልጆች ትምህርት ቤት እስከ መክፈት ደርሰዋል። ልጅን ከባርነት ለማውጣት መግዛት ራሱ ገበያውን አይመግብምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ይገባል። እኔ ግን በእጁ ገንዘብ ይዞ፣ በፊቱ የታሰረ ሕፃን ቆሞ፣ ገበያውን ስለ መመገብ የሚፈላሰፍ ካህን ባይኖር እመርጣለሁ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1888 ለብራዚል ጳጳሳት በጻፉት መልእክት ባርነትን አውግዘዋል። አቡነ ማስያስ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር አጥርታ ለመናገር ብዙ ዘመን ዘግይታ ነበር፤ ከዘገየችም በኋላ ብትናገር ከሜዳ የመጡ ሰዎች ምስክርነት ሳይረዳት አልቀረም። በእኛ ሀገር ባርነትን ለማስቀረት በ1924 የወጣው ዐዋጅ ሙሉ ሥራ ሳይሠራ ቆይቶ ነገሩ በሕግ የተቈረጠው በ1942 ነው። ከፋ በዚህ መካከል ምን ያህል ሰው እንዳጣች የአካባቢው ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ።

ስለ መንግሥት ያላቸው ዐሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አቡነ ማስያስ በየደረሱበት አስቀድመው የሚፈልጉት ንጉሡን ነው፤ ንጉሡ ቢያምን ሕዝቡ ይከተላል፤ ንጉሡ ቢወድ በሩ ይከፈታል። ይህ ዐሳብ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከቈስጠንጢኖስ ጀምሮ ምሥራቁም ምዕራቡም ኖሮበታል፤ እኛም ከኢዛና ጀምሮ ኖረንበታል። በሸዋ በነበሩ ጊዜ ለንጉሥ ምኒልክ አማካሪ ሆኑ፤ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚደረገው መላላክ ገቡበት፤ በ1876 የጣልያን የምድር ጥናት ማኅበር ሰዎች ወደ ሸዋ ሲመጡም ረድተዋቸዋል። ከዚያው ማኅበር የመጣው አንቶንዮ ቸኪ እስከ ከፋ ወሰን ተጕዞ ያየውን በ1886ና በ1887 አሳተመ፤ በኋላ የመንግሥቱ ቆንስል ሆነ። መነኵሴው፣ ሊቁና ቆንስሉ በአንድ መንገድ ሲሄዱ አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ምልክት ሕዝብ ከየት ያገኛል? የከፋ ሚክረቾዎች በ1861 ይህን ልዩነት ለማየት አልፈቀዱም ብለን ብንወቅሳቸው ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

በ1913 ሮም «ደቡብ ከፋ» የተባለ ሀገረ ስብከት አቋቁማ ለቶሪኖው የኮንሶላታ ማኅበር ሰጠች። ሹሙ ጋውዴንስዮ ባርላሲና የገቡት እንደ ነጋዴ ሆነው ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም መግቢያው ያው የአቡነ ማስያስ ልብስ ነበር። ከ1936 በኋላ ግን መደበቅ አላስፈለገም፤ ባንዲራው ከፊት ሄዷልና። ከ1941 በኋላ ባንዲራው ሲወርድ ጣልያናውያኑ መምህራን ከእርሱ ጋር ወጡ።

እዚህ ላይ የሲኒማው ነገር ይመጣል። በ1939 ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለ ሰው «አቡነ ማስያስ» የተሰኘ ሲኒማ ሠርቶ በቬኔዝያ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። በዚህ ሲኒማ አቡኑ የሥልጣኔ መልእክተኛ ናቸው፤ የኦርቶዶክሱ ጳጳስ ተንኰለኛ ሆነው ይታያሉ። ሲኒማው የታየው አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ከተረሸኑ (ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት) ሦስት ዓመት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ካለቁ (ግንቦት 1929 ዓመተ ምሕረት) ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በእውነት ስለ ሕፃናት ባርነት ያለቀሰ ሽማግሌ፣ ካረፈ ከ50 ዓመት በኋላ፣ መነኰሳትን በመትረየስ ለገደለ መንግሥት ጌጥ ሆነ። ይህ በደል አስቀድሞ በአቡነ ማስያስ ላይ የተሠራ ነው። ሆኖም መጽሐፋቸው ለዚህ ሥራ የሚመች እጀታ ባይኖረው ኖሮ የሲኒማው ሰዎች እንዲህ በቀላሉ ባላነሡት ነበር። እጀታው ሥልጣንን እንደ በር ብቻ ማየታቸው ነው፤ በሩን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ፣ በከፈተውም በር ሌላ ምን እንደሚገባ መጽሐፉ ሳይጠይቅ ያልፋል።

በዚያን ዘመን የካቶሊክ ድምፅ አንድ እንዳልነበረም ማወቅ ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 11ኛ ኦገስት 27 ቀን 1935 ከልዩ ልዩ ሀገር ለመጡ አስታማሚዎች ሲናገሩ፣ ሌላውን ሀገር ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ዐመፅ መሆኑን ገልጠው ነበር፤ ቃላቸው በጋዜጣ ሲወጣ ግን ለዝቦ ወጣ። (አንባቢ ሆይ፣ የማረም ነገር እዚህም መጣ።) ከሁለት ወር በኋላ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው የጣልያን ጦር ለካቶሊክ ሃይማኖትና ለሮም ሥልጣኔ የኢትዮጵያን በር ይከፍታል ብለው አመሰገኑ። እኒሁ ሹስተር በ1938 የዘር ልዩነትን ትምህርት መናፍቅነት ነው ብለው ተቃወሙ፤ በ1996ም ሮም ብፁዕ አለቻቸው። በ1935 በር ያሉት የማን ደም የፈሰሰበት እንደ ሆነ ብፅዕናውን ያወጁት ሰዎች ቢያስታውሱት ለእኛ ይገባን ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት በሌላው ቤት ብቻ ለመፍረድ ከሆነ ጽሑፌ ዋጋ የለውም። የአቡነ ማስያስን መጽሐፍ የምንመዝንበት ሚዛን በእኛም ላይ ሊነሣ ይገባል። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ በ1919 በአዲስ አበባ ዐረፉ። ታቦታችን ወደ ብዙ የከፋ ቀበሌ የገባው ከዚያ ጦር በኋላ ነው። ከጦሩ ጋር የመጣ ካህን መሬት ተሰጠው፤ በመሬቱ ላይ የሚሠራው ገባር የሀገሩ ሰው ነበር። ገባሩ ወንጌልን የሰማው ከባለ መሬቱ አፍ ነው። የጥንቱን ክርስትናቸውን፣ ያለ ካህን የጠበቁትን ጾም፣ አቡነ ማስያስ ሳይጠይቁ እንዳለፉት እኛም ሳንጠይቅ አለፍነው፤ እኛ ደግሞ በዚያው ሀገር ተቀምጠን፣ ከእርሳቸው ይልቅ ረጅም ጊዜ ነበረን።

ስለ ማንጆ ወገኖቻችንም እላለሁ። በከፋ ማንጆ የሚባሉት አዳኞችና ደን ኗሪዎች፣ የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ኖረዋል፤ ወደ ሌላው ቤት አይገቡም፣ አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም። በመንግሥቱ ዘመን የሀገሩን በር ይጠብቁ የነበሩ እነርሱ ናቸው፤ የሀገሩን በር የሚጠብቅ ሰው የጐረቤቱን በር እንዳያልፍ መደረጉ የሚገርም ነው። ጥምቀት በተቀበሉም ጊዜ መራቁ ፈጥኖ አልቀረም። የእኛም፣ የካቶሊኩም፣ የፕሮቴስታንቱም ትምህርት ተጠማቂ ሁሉ አንድ አካል ነው ይላል። ይሁን እንጂ ልማድ ከትምህርት ይልቅ ጠንክሮ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ሰውና ሰው ተራርቆ ሲቆም ታይቷል። ልማድን ስለ መለወጥ የሚጽፍ ሁሉ ከአንድ ሚስትና ከብዙ ሚስት አስቀድሞ ይህን ቢጀምር፣ የከፋ ምድር የበለጠ ያደምጠው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ዐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ከ1962 እስከ 1965 በተደረገው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ የሚል ሰነድ በ1965 ወጣ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የምሥራቅን አብያተ ክርስቲያናት በአክብሮት የሚጠራ ሰነድ ወጥቶ ነበር። በ1861 አቡነ ማስያስን ያስወጣችው ከፋ በ1994 ጅማ ቦንጋ የተባለው ሀገረ ስብከት ክፍል ሆነች፤ የመጀመሪያው ሹም አባ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ በደርግ ዘመን ታስረው የነበሩ፣ በ2015ም ካርዲናል የሆኑ። ከንጉሥ ደጅ ሳይሆን ከእስር ቤት የወጣ መምህር መሆን ለትምህርቱ ሌላ ክብደት እንደሚሰጠው ማንም አይክድም። አቡነ ማስያስ ራሳቸው እጅግ የተወደዱት በሥልጣን ሳይሆን በስደት በሚታዩበት ገጽ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልናገር። አቡነ ማስያስ በ1867 በፓሪስ በላቲን ቋንቋ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትመዋል። ሰዋስውን ከግእዝ በኩል ለተማረ ሰው አማርኛን በላቲን ሚዛን ሲመዘን ማየት የሚያስፈግግበት ቦታ አለ፤ ግሱ በማያውቀው ልብስ የተጐናጸፈ ይመስላል። ነገር ግን ኦሮምኛ በመጽሐፍ እንዲማሩት የሚገባ ቋንቋ ነው ብለው የተነሡት እኛ ገና ባላሰብንበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ፈገግታዬን ቶሎ እሰበስባለሁ። ሰዎቹ ራሳቸው ካፊ ኖኖ፣ ማለትም የከፋ አፍ፣ ለሚሉት ቋንቋ ግን ከቪየናው ራይኒሽ በ1888 እና ከጣልያናዊው ቸሩሊ በ1951 የተሻለ አገልግሎት ከቤተ ክርስቲያን ሰው እጅ አላየሁም። ቸሩሊም በጣልያን ወረራ ዘመን በሀገራችን ገዥ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ሊቅነቱና ሹመቱ ሊለያዩ ባለመቻላቸው የከፋ ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ ሁለት ስሜት ይሰማዋል።

ስለ ከፋ የሚናገረውን ክፍል ወደ አማርኛ ወይም ወደ ካፊ ኖኖ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ የሚይዘው የ1984ቱን ንባብ ይሁን። የማዕርጉንና የቦታውን ስም አቡኑ በፒየሞንቴ ጆሮ ሰምተው ስለ ጻፉት፣ የከፋ ሽማግሌ አጠገቡ ሳያስቀምጥ አይጀምር። ደግሞም አቡኑ የእኛን ሊቃውንት መናፍቃን ብለው የሚጠሩበት ቦታ ብዙ ነው። ተርጓሚው ለእኛ አዝኖ፣ ወይም ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን ሰላም አስቦ፣ በሌላ ለስላሳ ቃል እንዳይለውጠው እለምነዋለሁ። መናፍቅ ካሉ መናፍቅ ብሎ ይጻፍ፤ እኛም እነርሱን በዚሁ ቃል ስንጠራቸው ኖረናልና፣ አንባቢው ሁለቱን መጽሐፎች ጐን ለጐን አድርጎ ማንበብ ይችል ዘንድ።